ቀዛፊዎች ነን፤ ውሃው ይቅርብን

ለኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለፒያሳ ታዳጊዎች ቀዘፋ ቡድን አገር አቀፍ ሻምፒዮና እንዲዘጋጅልንና እንድናሸንፍ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኛ የፒያሳ ሰዎች የታዳጊዎች ቀዘፋ ቡድን አቋቁመናል። ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሹምና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ መርጠናል። ክብ ማኅተምም አስቀርጸናል፤ መሐሉ ላይ ጀልባ አለበት። ታዳጊዎቹን ግን ገና አልመለመልንም። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የሰፈሩ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ከተማዋ ዳርቻ ስለተበተኑ፣ አንዱን ለልምምድ ለመጥራት ሦስት ታክሲ ማቀያየር አለብን። ይህ አያሳስባችሁ። አመራሩ ከተሟላ ስፖርተኛ አይጠፋም።

ደግሞም አራዳ ቡድን መመሥረት አዲሷ አይደለም። ጣሊያን ድንበር ጥሶ በገባበት በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሠረቱት የአራዳ ልጆች ናቸው። ከአባቶቻችን የምንለየው እነሱ ከኳሱ ስለጀመሩ፣ እኛ ከማኅተሙ ስለጀመርን ብቻ ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚወርድ ወንዝ አለን። እርግጥ ነው፣ ዓለም አቀፉ ደንብ ሁለት ሺህ ሜትር ቀጥ ያለ፣ ጸጥ ያለ ውሃ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ጀልባም 13.5 ሜትር ስፋት ያለው መስመር። ስምንት ቀዛፊ የምትይዘው ጀልባ 17 ሜትር ገደማ ስለምትረዝም፣ በበጋ ወንዛችን ላይ አግድም ብትቀመጥ ግራና ቀኝ ዳር ነክታ ሁለተኛ ድልድይ ትሆናለች። ስለ ሽታው አንጽፍም፤ እናንተም አፍንጫ አላችሁ። ሆኖም የቴክኒክ ክፍላችን አንድ ጥቅም አይቶበታል፦ እዚያ ውሃ ውስጥ መውደቅ የሚደፍር ስለማይኖር፣ ልጆቻችን በሚዛን አጠባበቅ ከዓለም የሚያህላቸው አይገኝም።

በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ልማት ሲታወጅ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር እንደሚፈጅ ሰምተን እልል ብለናል። በሰው አምስት ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራትም ተበልቶለታል። እኛ ከ56ቱ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምንለምነው። ዳርቻው ላይ ሣሩም፣ መብራቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም እያማረ መጥቷል፤ የቀረው መሐሉ ነው።

ይህ ካልሆነ ደግሞ ቸርችል ጎዳና አለ። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ቀጥ ያለ፣ ቁልቁል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃውን ራሱ ያመጣል። እ.ኤ.አ. ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የቀዘፋው ርቀት ወደ 1,500 ሜትር ዝቅ እንዲል ተወስኗልና፣ ፍጻሜውን ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ተመልካቹም ማኪያቶውን እንደያዘ ያያል።

ልምድ የላችሁም የሚለን ቢኖር ሁለት ሮቤሎችን እንጠቅሳለን። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በረዶ ከማታውቅ አገር ሄዶ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ሸርተቴ 83ኛ ወጣ፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒያን ነው። ሮቤል ኪሮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ መቶ ሜትር ነጻ ዋናን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ የመጨረሻ ሆነ። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆናቸው ሲሰማ ዓለም በሳቅ ፈረሰ። እኛ በልጁ አልሳቅንም። በዓለም ሁሉ ፊት ውሃ ውስጥ ገብቶ እስከ መጨረሻው ዋኝቶ ወጥቷል፤ ሳቁ ማንኳኳት የነበረበት ሌላ በር ነበር። የተማርነው ግን አሠራሩን ነው። በዚህም መሠረት ከሊቀመንበራችን ልጆች አንዱን ለቀዛፊነት አጭተናል። ስሙ ሮቤል አይደለም፤ በፍርድ ቤት እናስቀይራለን።

አሁን ወደ ዋናው ሥጋታችን እንግባ። ጣና ላይ ልጆች አሉ።

እነዚህ ልጆች፣ ክቡራን፣ በስፖርታዊ ጨዋነት ሲመዘን ትክክል ያልሆነ ነገር ይሠራሉ። ውሃ ላይ ያድጋሉ። አባቶቻቸው ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ሲሠሩ እያዩ፤ የወይጦ ሽማግሌዎች እጅ የትኛው እስር ላላ እንደሚል ሲዳስስ እያዩ። ገና ልጅነታቸው ሳያልቅ እንጨት ጭነው፣ እህል ጭነው፣ ሰው ጭነው ከደሴት ወደ ገበያ ይቀዝፋሉ። ነፋሱ ሲነሳ ይዞራሉ እንጂ አይመለሱም፤ ወዴት ይመለሳሉ? እምቦጭ ውሃውን ሲያለብሰው መንገድ ይቀይራሉ። ጥር ላይ ባሕር ዳር በበዓል ስትደምቅ በታንኳ ይወዳደራሉ፤ ይጨበጨብላቸውና በዚያው ወደ ሥራቸው። ዝዋይ ላይም የዛይ ልጆች ከደሴት ደሴት እንዲሁ ናቸው። አሠልጣኝ የላቸውም፤ ቱታ የላቸውም፤ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው የለም። ማኅተም እንኳ የላቸውም!

እስቲ ፍረዱን፤ ይህ እኩል ፉክክር ነው? የፒያሳ ልጅ አንዲት መቅዘፊያ ለማየት የስንት ቢሮ ደጅ ሲጠና እነሱ በነጻ ሲለማመዱ ኖረዋል። ደንገላቸውም ቢሆን ከነሱ በላይ ዓለም አይቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊሻገር «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሲያሠራ፣ ደንገሉ የተጫነው ከጣና ነበር። ውቅያኖሱን አጋምሶ ብዙ ርቀት ሄዷል። የጣና ደንገል ያለ ፌዴሬሽን ድጋፍ ይህን ካደረገ፣ የጣና ልጅ ድጋፍ ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግ አስቡትና ተጠንቀቁ።

ውሃውም እንዲሁ ቀድሞናል። ከጣና የወጣው ዓባይ ካይሮ ሲደርስ የቀዘፋ ክለቦች ይጠብቁታል፤ ግብፅ ቀዛፊዎቿን ኦሊምፒክ ትልካለች። ባሕር በር የላትም የምንላት ኡጋንዳ እንኳ ከቶኪዮ ጀምሮ ቀዛፊ ልካለች። እኛ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ከጀመርን ወዲህ ያገኘነው ሜዳልያ ሁሉ የሩጫ ነው። ሰባ አራት ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ጉባ ላይ ገድበን እንኳ፣ ሜዳልያ ባሰብን ቁጥር የምናየው አስፋልት ነው። ይህንን ለወቀሳ አላነሳነውም። ባዶ ሜዳ ለኛ ለመጀመሪያዎቹ የተመቸ ነውና፣ እስካሁን ስላቆያችሁልን እናመሰግናለን።

ስለዚህ ሻምፒዮናው ጣና ላይ እንዳይካሄድ አጥብቀን እንጠይቃለን። ጣና ሩቅ ነው፤ በዚያ ላይ ውሃ አለበት። ምትክ ሐሳባችን ይህ ነው፦ ውድድሩ በአንድ የታወቀ ሆቴል አዳራሽ፣ በቀዘፋ ማሽን ይሁን። ማሽኑ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ሁሉ ስለሚካሄድ ነውር የለውም። ምንጣፉ ሰማያዊ ይሁን። ባነር፣ ኮፍያ፣ ቲሸርት፣ የሻይ ሰዓት፣ አበል ይኑር። ሁለት ሺህ ሜትር በማሽን ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው፤ የክብር እንግዳው ንግግር እንዳይጣበብ ውድድሩ ከሱ በኋላ ይደረግ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህችን በተለይ አስቡልን። ደንቡን ስናነብ ልባችን የተነካው በዘጠነኛው ወንበር ነው። ስምንቱ ቀዛፊዎች ለሚሄዱበት ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀዝፋሉ፤ የሚያዩት ጥለውት የመጡትን ብቻ ነው። ዘጠነኛው ግን ወደ ፊት ያያል፣ ይጮኻል፣ አይቀዝፍም። ስምንቱ ካሸነፉ እሱም ሜዳልያ ይጠልቅለታል። ይህን ያወጣ ሰው አንድ ቀን እኛ ጋ ስብሰባ ተቀምጦ መሆን አለበት። ወንበሩን ለኮሚቴው ተወካይ ይዘንላችኋል። ደንቡ ክብደቱ ከ55 ኪሎ እንዳያንስ ይላል፤ ከስንት እንዳይበልጥ ግን የሚለው የለምና ማንኛችሁም ብትመጡ አትመለሱም።

ሻምፒዮናውን ካለፍን፣ ማለፋችንም እንደማይቀር ተስፋ እናደርጋለን፣ እ.ኤ.አ. በ2026 ዳካር በሚሰናዳው የወጣቶች ኦሊምፒክ የባሕር ዳርቻ ቀዘፋ አለ። አሠራሩ ሲነገረን ጆሯችንን አላመንንም፦ ልጁ ከአሸዋው ላይ እየሮጠ ጀልባዋ ላይ ይወጣል፣ ቀዝፎ ይመለሳል፣ ወርዶ እየሮጠ ይጨርሳል። ሩጫ አለበት ማለት ነው! መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለኛ ተዉት። መሐል ያለችውን አምስት መቶ ሜትር ውሃ በተመለከተ ከአዘጋጆቹ ጋር በደብዳቤ እንነጋገራለን።

ምላሻችሁን በአክብሮት እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የቡድኑ አመራር
እሪ በከንቱ፣ ፒያሳ
(ክብ ማኅተም አለበት)

ግልባጭ፦
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ
ለደቅ ደሴት ታዳጊዎች፣ ጣና (ይህኛው በታንኳ ስለሚሄድ ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ቢደርስ ቅሬታ የለንም)