አልጋ ሥር ስላለው ወመዘክር፦ በቤተ ዘመድ ታሪክ አሰናነድ ላይ የቀረበ ጥናት

በእኛ አገር የቤተ ዘመድ ታሪክ ማኅደር የለም የሚሉ ሰዎች አሉ። አስተያየቱ መሠረተ ቢስ ነው። ማኅደሩ አለ፤ አልጋ ሥር ነው። የመንግሥቱ ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም ይኸኛው ቀድሞ ሥራ ጀምሮ ነበር። ልዩነታቸው ይኸኛው የንባብ ክፍል የሌለው መሆኑና ቁልፉ በአንዲት አክስት ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ መኖሩ ብቻ ነው። አክስቲቱ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዓመት ፈቃድና ያለ ሹመት ደብዳቤ የሚያገለግሉ የመዛግብት ሹም ናቸው። ተመራማሪው ሳጥኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የምርምሩን ዓላማ ለእሳቸው ማስረዳት አለበት። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ለምን ፈለግኸው? ቤቱን ልትሸጡት ነው?»

ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው የናፍታሊን ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የግብር ደረሰኝ። ቤተ ዘመዱ ለመንግሥት የከፈላት እያንዳንዷ ብር በደረሰኝ ተይዛለች፤ ከመንግሥት የተቀበለውን የሚያሳይ ወረቀት ግን የለም። ይህ የአያያዝ ጉድለት አይመስለኝም። ከደረሰኙ ሥር የእድር ደብተር፣ ከደብተሩ ሥር ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ፣ ከሁሉም ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ዳዊት ይገኛል። የዳዊቱ የመጨረሻ ባዶ ገጽ የልደት መዝገብ ነው። እስከ አራተኛው ልጅ ድረስ ቀኑ፣ ወሩ፣ ዘመነ ማርቆስ ይሁን ዘመነ ሉቃስ ሳይቀር ሰፍሯል። አምስተኛው ሲወለድ ቀለም አልቆ ነበር ይባላል። አምስተኛው ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ጉዳዩን ግን በየበዓሉ ያነሣል።

መንግሥት በዚህ ረገድ ምንም አላደረገም ማለት ግፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲሰፍሩ ደንግጓል፤ ማን እንደሚመዘግብና ምን ምን እንደሚጻፍ በዝርዝር ተቀምጧል። ሕጉ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ ቁጥር 3361 ላይ፣ እነዚህ ድንጋጌዎች የሚጸኑት ወደፊት በትእዛዝ ከሚገለጽ ቀን ጀምሮ እንደሆነ ይናገራል። ሕዝቡ ቀኑን ጠበቀ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ፣ ምዝገባውም በ2008 ተጀመረ። በመካከሉ ማዘጋጃ ቤቶች ለጠየቃቸው የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ መወለዱን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ግን ባብዛኛው ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ነበር። እዚሁ የቀረው መወለዱ በዓይን ይታያል።

ስለዚህ የልደት ዓመት የሚገኘው ከመዝገብ ሳይሆን ከመዓት ነው። ሰው የተወለደው በክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884)፣ በኅዳር በሽታ (1911)፣ በማይጨው ዘመቻ (1928)፣ በታኅሣሥ ግርግር (1953)፣ አብዮቱ ሲፈነዳ (1966) ወይም በሰባ ሰባት ነው። በዚህ አቆጣጠር በደህና ቀን የተወለደ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከኅዳር በሽታ እስከ ማይጨው ባሉት ዓመታት የመጣ ሁሉ፣ የ1923ቱ የዘውድ በዓል ካልደረሰለት በቀር፣ «ከበሽታው በኋላ» ወይም «ከጣሊያን በፊት» ተብሎ ሜዳ ላይ ይቀራል። አንዲት ታላቅ እናት ስለ ማይጨው ሲጠየቁ «ያኔ ጡት አልጣልኩም» ብለዋል፤ ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአርበኞች ስንቅ ያቀብሉ እንደነበር ተናግረዋል። የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው ዕድሜያቸውን ለጠየቀ፣ ሁለተኛው ሜዳይ ለጠቀሰ ሰው ነው።

በ1976፣ በ1987ና በ1999 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ዕድሜው በዜሮ ወይም በአምስት የሚያልቅ ሰው ከሌላው እጅግ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ሕዝባችን በየአምስት ዓመቱ ብቻ እንደሚወልድ የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ ግን አልተገኘም። የሚሻለው ማብራሪያ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዕድሜ አለው የሚለው ነው፤ የትምህርት ቤት ዕድሜ፣ የሥራ ዕድሜና የእናት ዕድሜ። በቤቱ ኳስ ተጫዋች ካለ አራተኛ ይጨመራል።

ስምም እንዲሁ ነው። ነገሩን ያላወቀ ተመራማሪ ተፈሪ መኮንንን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንና አባ ጠቅልን ሦስት ሰዎች አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል። አንዱ የቤት ስም፣ አንዱ በክርስትና የወጣና በኋላ ዘውድ የተጫነበት፣ አንዱ የፈረስ ስም ነው። ፈረስ የሌላት አያታችንም ብትሆን በአባቷ ቤት አንድ፣ አማቷ ያወጡላት ሌላ፣ ለፍትሐት ብቻ የሚወጣ ሦስተኛ ስም አላት። ይኸው የ1952 ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ሕዝቡ ትእዛዙን በአክብሮት ሰምቶ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ውጤቱ የሚታየው የዘር ሐረግ ከባሕር ማዶ በመጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሞላ ነው፤ ፕሮግራሙ አባትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን ተያይተው የማያውቁ ሦስት እንግዶች አድርጎ ያስቀምጣቸዋል።

ወደ ዋናው ምንጭ እንምጣ። ዋናው ምንጭ ሰው ነው፤ ሰው የሚናገረው ደግሞ ቡና ላይ ነው። ያለ ቡና የሚደረግ ቃለ መጠይቅ የፖሊስ ምርመራ ይባላል። በውጭ አገር ደንብ ማስረጃ ሲጠቀስ የተናጋሪው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይበቃል። ለእኛ አይበቃም፤ ስንተኛው ስኒ ላይ እንደተነገረ መጻፍ አለበት። አቦል ላይ የሚነገረው ለሕዝብ የተዘጋጀው መግለጫ ነው፤ አያት ደግ ነበሩ፣ ደጃቸው እንግዳ አያጣም ነበር፣ መሬታቸው ከወንዝ እስከ ወንዝ ነበር። ቶና ላይ ማሻሻያው ይመጣል፤ ከወንዝ እስከ ወንዝ ያለው መሬት ከወንድማቸው ጋር ክርክር ነበረበት። በረካ ላይ፣ ልጆቹ ሱቅ ከተላኩ በኋላ፣ ከወንዙ ማዶ ሌላ ሚስት እንደነበሯቸው ይታወቃል። ስለዚህ «እትዬ፣ በረካ፣ ጎረቤቷ ከወጣች በኋላ» ተብሎ የተያዘ ማስረጃ፣ «እትዬ፣ አቦል፣ የነፍስ አባታቸው ባሉበት» ከሚለው በብዙ ይበልጣል። ስልክ አውጥቶ መቅዳት አይመከርም። ስልኩ በተከፈተ ቅጽበት ስንተኛውም ስኒ ላይ ቢሆን ወሬው ወደ አቦል ይመለሳል።

ምንጭን በምንጭ ማመሳከርን በተመለከተም ጥናቱ አንድ ደንብ አውጥቷል። ሁለት አክስቶች አንድ ነገር ከተናገሩ ማስረጃው ሁለት አይሆንም፤ ተነጋግረዋል ማለት ነው። የተኳረፉ አክስቶች ከተስማሙ ግን ነገሩ እውነት ነው፤ ለመጻፍም አደገኛ ነው።

የቀድሞ ሰዎች ሰባት ትውልድ በቃላቸው ይቆጥሩ ነበር እየተባለ የዛሬው ወጣት ይወቀሳል። ወቀሳው መሬቱን ረስቷል። በጎጃምና ርስት በነበረባቸው ሌሎች የአማራ አገሮች ድርሻ የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ወርዶ በመቁጠር ነበር፤ የሚወረደውም በአባትም በእናትም ነው። ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ሲወጣ በሰባተኛው ላይ ብቻ 128 ወላጆች ይጠብቁታል። አዋቂ የሚባለው 128ቱን የሚያውቅ ሳይሆን ከእነሱ መካከል መሬት ያላትን ሴት አያት ለይቶ የሚያስታውስ ነበር። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን በሚገባ አጠና፤ መጽሐፉ በ1973 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነና ርስቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የቅድመ አያቶቻችን ቁጥር በፍጥነት አሽቆልቁሏል። ቀድመው የተረሱት ሴቶቹ ናቸው፤ በእነሱ በኩል የሚመጣ እርሻ ሳይኖር ስማቸውን በቃል መያዝ ትርፍ ሥራ ሆኗል።

የቀረው የጋብቻ ቆጠራ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እንደሚታወቀው ሙሽራው ከተወደደ፣ በተለይ ቤት ካለው፣ ቆጣሪዎቹ አራተኛው ላይ ደክሟቸው ምሳ ይቀርባል። ካልተወደደ ስድስተኛው ላይ፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ አገር፣ የጋራ ቅድመ አያት ይገኛል። የጋራ ቅድመ አያት ሳይፈለግ የተገኘበት ጊዜ በጥናቱ አልተመዘገበም።

ሌላው ጎልቶ የወጣ ነገር የሹማምንት መብዛት ነው። የታዩት የዘር ሐረጎች ሁሉ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች ወይም ቢያንስ ግራዝማች ደጅ ይደርሳሉ። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የሄደው ሕዝብ ባብዛኛው የራሱን ስንቅ ይዞ የተነሣ ገበሬ ነበር። ያ ገበሬ፣ በቅሎ የጫነው ልጅ፣ ድርቆሽ እየፈተፈተች ሠራዊቱን ያበላችው ሴት፣ ሁሉም ዘር ሳይተዉ አልፈዋል ብሎ መደምደም ግድ ይሆናል። የወለዱት አዛዦቹ ብቻ ናቸው።

በጽሑፍ ደረጃ በየቤቱ ያለማቋረጥ የሚዘጋጀው የታሪክ ሥራ ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። የሚደረሰው በለቅሶው ሌሊት ነው። ደራሲው እጅ ጽሑፉ የሚያምር የእኅት ልጅ ሲሆን፣ ድንኳኑ ሙሉ የአርታዒ ኮሚቴ አለው። ሟች ከማን እንደተወለዱና የት እንዳደጉ ብዙ አያከራክርም፤ ትምህርታቸውን በሚገባ እንደተከታተሉም ይታመናል። ሥራው የሚከብደው ልጆች ላይ ሲደረስ ነው። «የስድስት ልጆች አባት» ወይስ «የሰባት» የሚለው ክርክር እስከ ንጋት ሊወስድ ይችላል፤ ሰባተኛው ልጅ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እያለቀሰ ከሆነ በእርግጥ ይወስዳል። ኮሚቴው ሲጨንቀው «የልጆችና የልጅ ልጆች አባት» ብሎ ቁጥሩን ይዘልላል። ተመራማሪው ማወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ቁጥር የሌለበት የሕይወት ታሪክ ካጋጠመው ቡና ወደሚፈላበት ቤት መሄድ አለበት። ወረቀቱንም ቢሆን ሳይዘገይ ይቀበል፤ ከተነበበ በኋላ በአንባቢው ኮት ኪስ ገብቶ ከኮቱ ጋር ላውንደሪ ይሄዳል።

ፎቶግራፎች በጀርባቸው በእርሳስ ይጻፍባቸው፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊት ዘልቆ ሰውየውን ያበላሸዋል። በመቀስ የተቆረጡም አይጣሉ። የተቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁን የቀረው ሰው ትከሻ ላይ ትቶ ስለሚሄድ፣ ከቀለበቱ ማንነቱ ይታወቃል። በአንድ የድሮ ፎቶ ግን ማንም ያልቆረጣት ልጅ አለች። ከመስመሩ ዳር፣ ከሕፃኑ ኋላ ቆማለች። ማን እንደሆነች ሲጠየቅ «የቤት ልጅ ናት» ይባላል። ስሟ ሲጠየቅ «አብራን ነው ያደገች» ይባላል። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ፎቶው ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ የሚናገር የለም። ጥያቄው በረካ ላይም መልስ አላገኘም። በዚያው ፎቶ ያለችው የአያትየው በቅሎ ስም ግን ታውቋል፤ የተኳረፉ ምንጮች ሳይቀሩ ይስማሙበታል።

በቅርቡ ደግሞ ምራቁን በፖስታ የሚልክ ዘመድ ተፈጥሯል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የአክስት ልጅ የልጁን የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ለማገዝ ብሎ በቤተ ዘመዱ የቴሌግራም ግሩፕ የቅድመ አያታችንን አባት ስም ጠየቀ። ከግሩፑ ያገኘው «አሜን» የሚል መልስ በብዛትና የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ነው። ተስፋ ቆርጦ ምራቁን ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ላቦራቶሪው ምሥራቅ አፍሪካዊ መሆኑን አረጋገጠለት፤ ይህ በቤት ውስጥ ጥርጣሬ አስነሥቶ አያውቅም ነበር። ጨምሮም በሌላ ግዛት የሚኖር፣ ማንም የማያውቀው የቅርብ ዘመድ እንዳለው ገለጸለት። እትዬ ወሬው በደረሳቸው ጊዜ ቡናው ገና እየተቆላ ስለነበር ማሽኑ ተሳስቷል ብለዋል። በረካ ላይ የአዲሱን ዘመድ ፎቶ አስመጥተው ግንባሩን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

የጥናቱ ረቂቅ ለቤተ ዘመዱ ተሠራጭቶ እርማት በጽሑፍ እንዲቀርብ ተጠይቆ ነበር። በጽሑፍ የመጣ የለም። በስልክ የመጡት ሁሉ የሌላ ሰው ስሕተት የሚጠቁሙ ናቸው። ስለ ራሳቸው ያመለከቱት አንድ ጋሼ ብቻ ሲሆኑ፣ በሰነድ ከታናሽ ወንድማቸው በሁለት ዓመት ያንሳሉ፤ ይህ ነገር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንዳይነካ ጠይቀዋል። ታናሹ ተቃውሟል፤ በሰነዱ መሠረት ከእንግዲህ ታላቅ ተብሎ እንዲከበር ይፈልጋል። ጉዳዩን ለመቁረጥ እናታቸው ምስክር ሆነው ተጠይቀዋል። ሁለቱንም የወለዷቸው ክረምት እንደነበር አረጋግጠዋል።