ጥንቸልን መጸዳጃ ስለ ማስለመድ፤ ከሰርቦ የተላከ ምክር

ጥንቸል ያልገባበት ቤት ይህን ጽሑፍ ቢዘለው ምንም አይጎድልበትም። የገባበት ቤት ግን ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በእጁ ይዳብስ።

የምጽፈው ከሰርቦ ነው። ከጅማ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ የሚያገኛት የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ በቡና የታወቀ ነው፤ የእኛ ቤት ደግሞ ከአምና ጀምሮ በቡኒ ታውቋል። ቡኒ ጥንቸል ናት። ስሙን ያወጣችላት ትንሿ ልጄ ስትሆን መነሻዋ መልኳ ነው፤ ደንበኛ የተቆላ ቡና ትመስላለች። በካርቶን አድርጎ የሸጠልን ጎረምሳ "ይቺ ጨዋ ናት ጋሼ፤ አንድ ቦታ ነው የምትቀመጥ" ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። የምትቀመጠው አንድ ቦታ ነው። ሌላውን ጉዳይዋን ግን ያለ አድልዎ በሁሉም ቦታ ታደርሳለች። በዚህ ምክንያት ያካበትኩትን ዕውቀት ይዤው እንዳልቀር፣ በስምንት ምክር ከፋፍዬ ለወገን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ነገሩን በስሙ ይጥሩት፤ ቁጥሩንም ይወቁት። አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። የከብቱ እበት ነው፤ ሲደርቅ ኩበት ይባላል። የፈረሱና የበቅሎው ፋንድያ፣ የበግና የፍየሉ በጠጥ፣ የዶሮው ኩስ ነው። ለጥንቸል ግን የግሏ ስም ሲወጣላት አልሰማሁም፤ ስለዚህ መልኩን አይተን ከፍየል ተበድረን በጠጥ እንለዋለን። አንዲት ጤነኛ ጥንቸል በቀን ከ200 እስከ 300 ፍሬ በጠጥ ትጥላለች። ይህን ሲያነቡ አይደንግጡ። መደንገጥ ያለብዎ ቁጥሩ ሲያንስ ነው፤ በጠጥ የቆመባት ጥንቸል ሆዷ ቆሟልና ፈጥና ሐኪም ትሻለች። እኛ ቤት ይህ ሥጋት ደርሶብን አያውቅም።

ሁለተኛ፤ የማንን ልጅ እንዳመጡ ይወቁ። ከቡና ጫካው ጥግ ብድግ ብላ የምትሮጠዋ፣ በኦሮምኛ ኢሌቲ የምትባለዋ የዱር ጥንቸልና ቡኒ የሩቅ ዘመድ እንጂ አንድ ዘር አይደሉም። የዱሯ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ሣር ውስጥ አድፍጣ ለብቻዋ ትኖራለች። የቡኒ ቅድመ አያቶች ግን ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ናቸው፤ ጉድጓድ ቆፍረው በሰፈር ይኖራሉ፤ ለሰፈሩም የታወቀ መጸዳጃ አላቸው። እንግዲህ ትምህርቱ በደሟ አለ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ሳሎኑን ሙሉ ትበትነዋለች ቢሉ፣ ያ መጸዳዳት አይደለም፤ ይዞታ ማስከበር ነው። እርስዎ ለቦታዎ ካርታ ለማውጣት ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ይሰለፋሉ፣ ነገ ይመለሱ ይባላሉ። ቡኒ ግን ቦታው ላይ ደርሳ አሥር ፍሬ ታስቀምጣለች፤ አለቀ። አዲስ ምንጣፍ ሲነጠፍ አዲስ ካርታ ይወጣል። እንግዳ መጥቶ ሲሄድ ካርታው ይታደሳል።

እንስሳ መጸዳጃውን ለይቶ ያውቃል ወይ የሚል ተጠራጣሪ ካለ፣ ምስክር ከሩቅ አንጠራም፤ ጥርኝ አለ። ጥርኝ በጫካ ሲኖር ወደ አንድ ቦታ እየተመላለሰ ነው የሚጸዳዳው፤ ቡና በሚቀላበት ወራት በዚያ ቦታ የቡና ፍሬ ይገኛል። ይኸው ጥርኝ በጅማና በሊሙ ገበሬዎች ቤት በእንጨት ቤቱ ታስሮ ዝባድ ሲሰጥ ኖሯል፤ ዝባዱም በከብት ቀንድ ታሽጎ እስከ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ደርሷል። ከእንስሳ ጅራት ሥር የተጠረገን ነገር ለፓሪስ አንገት ያቀረበ አገር በጥቂት በጠጥ ሊሸማቀቅ አይገባውም። ይህን ለባለቤቴ አስረድቻት ነበር። በጸጥታ ሰማችኝና መጥረጊያውን ሰጠችኝ።

ሦስተኛ፤ ለማሳፈር አይሞክሩ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቤቱ ሽንት ቤት ሲያስቆፍር ኖሯል። በኋላ ደግሞ ከባንግላዴሽ የመጣ ዘዴ ታከለበት፤ የመንደሩን ሰው ሰብስቦ ሜዳውን ማዞር፣ በሜዳው ላይ ያለውን ማሳየት፣ ከዚያ ዝም ማለት። ያፈረ ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል። ቀበሌውም ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ መሆኑ ይታወጅለታል። ዘዴው ለሰው ሠርቷልና እኔም በቡኒ ሞከርኩት። አቅፌ ከሶፋው ሥር ጀምሬ ሳሎኑን አዞርኳት። አንዱ ክምር ዘንድ ስንደርስ አስቀመጥኳትና "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት፤ ከዚያ ዝም አልኩ። አሸተተችው። አንድ ጨመረችበት።

ቁጣም ሆነ ዱላ ዋጋ የለውም። የተመታች ጥንቸል የምትማረው እርስዎን መፍራት ብቻ ነው፤ የፈራች ጥንቸል ደግሞ ባለችበት ትሸናለች። ጆሮዋን ይዞ ማንጠልጠልማ ጭካኔ ነው፤ ጆሮ እጀታ አይደለም። በበዓል ማስፈራራትም አያዋጣም። በሰርቦ ለፋሲካም ለአረፋም በግ ሲጎተት እንጂ ጥንቸል ስትጎተት አላየሁም፤ እሷም ይህን ሳትታዘብ የቀረች አይመስለኝም።

አራተኛ፤ የምትበላውን አይንኩባት። ጥንቸል ሁለት ዓይነት ታወጣለች። አንዱ ያ ደረቁ በጠጥ ነው። ሌላው ለስላሳ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ሲሆን፣ መሬት ሳታስነካው ጎንበስ ብላ ከምንጩ ትበላዋለች። አይጩሁ። ሆዷ በመጀመሪያው ዙር ያላወጣውን ፕሮቲንና ቫይታሚን የምታገኘው በዚህ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ቆጥሮ በሰኮናዋ ምክንያት አትበላም ብሏል። ላም ያኘከችውን በመጣበት መንገድ ትመልሰዋለች፤ ቡኒ ዞራ በጓሮ በር ታስገባዋለች። ልጆች ሲጠይቁ ይህን ይመልሱ፤ እንግዳ ፊት ከሆነ ግን ወሬ ይለውጡ።

አምስተኛ፤ ዕቃውን ያሰናዱ። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በቁመቱ ይሰንጥቁ፤ ስለታም ጠርዙን በእሳት ያለስልሱ። ከሥር ጋዜጣ፣ ከላይ የጤፍ ጭድ ያልብሱ። ሰጋቱራ ከጅማ እንጨት ሠሪዎች በቀላሉ ይገኛል ብለው አይቸኩሉ፤ አቧራው ሳንባዋን ይጎዳል፤ የጥድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከሁሉም በላይ የቡና ገለባ አይጠቀሙ። በእኛ አገር ከየመፈልፈያው ደጃፍ ተቆልሎ ውሰዱኝ ውሰዱኝ የሚል ነገር ነውና ፈተናው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ገለባው ካፌይን አለው፤ ቡኒ ደግሞ የተነጠፈላትን ሁሉ ሳትቀምስ አትቀመጥበትም። ለሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሆነው ለጥንቸል መርዝ ነው።

ቀጥሎ ዋናው ምስጢር፦ ድርቆሹን ከጀሪካኑ ጫፍ ላይ ያድርጉ፤ አፏ ሣሩ ላይ፣ ሌላው አካሏ ጭዱ ላይ እንዲሆን። ጥንቸል እየበላች ነው የምትጸዳዳው። በሰው ቤት እንዲህ ያለው የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይባላል፤ በእሷ ቤት ግን የገበታ ሥርዓት ነው።

ስድስተኛ፤ ቡኒንና ቡናን ይለያዩ። ይህን የምጽፈው ከደረሰብኝ ነው። ባለቤቴ አንድ እሑድ እንግዳ ጠርታ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ቄጤማ ጎዘጎዘችው። ቡኒን በወራት ድካም ያስተማርናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣር ባለበት ይበላል፣ በሚበላበት ይጣላል። ሳሎኑ ሙሉ በሙሉ ሣር ለብሶ ስታይ ይህን ያህል ሰፊ መጸዳጃ በስሟ መሠራቱ አስደሰታትና ከጥግ እስከ ጥግ መረቀችው። በትምህርቱ መሠረት አንድ ስሕተት አልሠራችም። ስለዚህ ቄጤማ ከመጎዝጎዙ በፊት ጥንቸል ወደ ጓዳ ትግባ፤ የዕጣኑም ጢስ ለሳንባዋ አይበጃትም።

ኅዳር ላይ ደግሞ ጀንፈል በሰሌን አስጥተን ነበር። ጎረቤታችን ሃጂ ቡና አይተው ዝም ብለው አያልፉም፤ እፍኝ ዘግነው፣ አገላብጠው፣ ዳኝተው ነው የሚያልፉት። ያን ዕለትም ዘገኑ። ከእፍኛቸው አንዷን ፍሬ መርጠው በሁለት ጣት ጫን አሏት፤ ፍርክስ አለች።

"ይቺ ቡናዋ የታለ?" አሉኝ። "ገለባ ብቻ ናት።"

መልስ ሳዘጋጅ ቡኒ ከሰሌኑ ማዶ ጆሮዋን አቁማ ብቅ አለች። ሃጂ እሷን አዩ። ጣታቸውን አዩ። እኔን አዩ።

"ውሃ" አሉ።

ሰባተኛ፤ በቀለም አይሸበሩ፤ በሽታንም ችላ አይበሉ። አንድ ቀን ሽንቷ ቀይ ሆኖ ቢያገኙት፣ ልጆቹ "ደም!" ብለው መንደሩን ከመጥራታቸው በፊት ምን በልታ እንደዋለች ይጠይቁ። የቅጠል ቀለም የጥንቸልን ሽንት ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ያደርሰዋል። የምታምጥ ከሆነ፣ ወይም ደሙ ነጠብ ነጠብ ብሎ ለብቻው ከታየ ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሽንቷ ደርቆ እንደ ኖራ የሚነጣው ከካልሲየሙ የተነሳ ነው፤ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም፣ አቼቶ ያስለቅቀዋል። ጀሪካኑን አዘውትረው ያጽዱት፤ ሆኖም ከአሮጌው ጭድ እፍኝ ያህል ይመልሱበት። ፍጹም የጸዳ መጸዳጃ ለእርስዎ ክብር ነው፤ ለጥንቸል ግን ምልክቱ የጠፋ መንገድ ነው።

አራት ወይም አምስት ወር ሞልቷት እስካሁን የተማረችውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ብትረሳ፣ ትምህርቱ አልጠፋም፤ ጉርምስና ገባ እንጂ። ወንድ ከሆነማ ሽንቱን ግድግዳ ላይ መርጨት ይጀምራል። ማኮላሸት ይህን በእጅጉ ያበርደዋል። ሥራው ግን ጥንቸል የሚያውቅ ሐኪም ይፈልጋል፤ ለወይፈን የለመደ እጅ እንዳይነካት።

ስምንተኛውና የመጨረሻው፤ ቦታውን እሷ ትምረጠው። እኛ ጀሪካኑን መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ አስቀመጥነው፤ አልተቀበለችውም። ወደ ማእድ ቤት ጥግ ወሰድነው፤ ገልብጣው ሄደች። እሷ የመረጠችው የሳሎኑን ዋና ጥግ ነበር፤ በመስኮቱ ሥር፣ ብርሃን የሚገባበት፣ ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ ረከቦታችን የተቀመጠበት። ሁለት ወር ተሟገትን። እኛ ረከቦቱን እናጸዳለን፣ እሷ ትመለሳለች። በሦስተኛው ወር ረከቦቱ ከበሩ ጀርባ ሄደ፤ ጀሪካኑ በመስኮቱ ሥር ገባ። በማግሥቱ ቡኒ ማንም ሳይጎተጉታት ዘላ ገባች፣ ሸናች፣ ድርቆሿን አኘከች። ከዚያ ወዲህ ሽንቷ ከጀሪካኑ ወጥቶ አያውቅም። በጠጧም ለካርታ ማደሻ ከምትተዋት ጥቂት ፍሬ በቀር እዚያው ይቀራል።

ሃጂም ታርቀውናል። የጥንቸል በጠጥ እንደ ከብት እበት እስኪብላላ አይጠበቅም፤ እንዳለ ከቡና ችግኝ ሥር ይገባል። ይህን ከሰሙ ወዲህ ከጁምዓ ሲመለሱ ፌስታል ይዘው ብቅ ይላሉ። "ያ ጀንፈልህ ደርሷል?" ይሉኛል።

በቀደም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገቧን ይዛ መጣች።

"ሽንት ቤት አላችሁ ጋሼ?"

"ሁለት አለን።"

"ሁለት! የት የት ነው?"

"አንዱ ጓሮ ነው፤ ከሙዙ ጀርባ።"

"ሌላውስ?"

በመስኮቱ ሥር አሳየኋት። ቡኒ ሥራ ላይ ነበረች። ልጅቱ ብዕሯን አንስታ ቆይታ ቆይታ አንድ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች አላየሁም።

የጅማ አካባቢ ክረምት እንደምታውቁት ነው። ሌሊት ለጉዳይ ስነሳ ባትሪና ጃንጥላ ይዤ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ከሙዙ ጀርባ እደርሳለሁ። ስመለስ በባትሪው ብርሃን አያታለሁ፤ ደረቅ ጭድ ላይ ተቀምጣ፣ ድርቆሿን እያላመጠች፣ ረጋ ብላ ታየኛለች። ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፤ ምንጣፏን እንዳላቆሽሽባት።