ባቡሩ ይምጣ እንጂ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ቤቱን ሲገለብጡት «ዘንድሮ ሚዛን አማን፣ አያታችሁ ጋ!» ብዬ አወጅኩ። ችግሩ የክረምት ዕረፍት የሚገኘው በክረምት መሆኑ ነው። በዚያ አገር በጋውም ይዘንባል፤ ክረምቱማ ልብስ ለማድረቅ ቀጠሮ ያስይዛል።

የአምስት ዓመቷ «በባቡር ነዋ!» አለች። ምን ታድርግ፣ መጽሐፏ ላይ የሌለ ባቡር የለም። አስረዳኋት። ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሁለቱም ጊዜ ፊቱን ያዞረው ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው፣ በጅማ አድርጎ በጉራፈርዳ ወደ ዲማ የሚወርደው፣ በዕቅድ ከተጻፈ ቆይቷል። ወረቀት ላይ ሲሄድ ጭቃ አይነካውም፤ ተሳፋሪም አያስመልሰውም።

ስለዚህ በመኪና። ጅማ እናድራለን፣ ቦንጋ የቡና ሙዚየም እናያለን («ከረሜላ አለው?» ተብያለሁ)፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ እንዘልቃለን። ትልቋ «የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ ማን ነው?» ብትለኝ «ቦንጋም፣ ሚዛን አማንም፣ ቴፒም፣ ተርጫም» አልኳት። የቀለድኩባት መስሏት አኮረፈች። ለእኔ ግን በረከት ነው፤ «ዋና ከተማ ደረስን?» ባለች ቁጥር፣ ሦስት ጊዜ ሳልዋሽ «አዎ» እላለሁ።

እናታቸው የምንይዘውን ጽፋለች፦ ፌስታል፣ ቆሎ፣ ቅያሪ ሱሪ፣ ጃንጥላ፣ አሁንም ፌስታል።

ትንሹ የቤቱን ጫማ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ደርድሮ «ቱ ቱ!» እያለ ነው። ለጊዜው ወደ ሚዛን የተነሣው ባቡር እሱ ብቻ ነው።