ጋሼ ቼሳፒክ ላይ ፍሪሲዮን ረገጡ

ጋሼ በዋሽንግተንና በአሌክሳንድሪያ ጎዳናዎች ታክሲ ሲነዱ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። በዚህም የተነሳ የዓለም ነገር ሁሉ በፍሬኑ ይመዘናል ብለው ያምናሉ። የእህታቸው ልጅ እጮኛዋን ስታስተዋውቃቸው እንኳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የጠየቁኝ "ልጁ ፍሬን አለው?" ብለው ነው። መስከረም ጠብቶ ቼሳፒክ ቤይ ወርደን ዓሣ እናጥምድ የተባለ ጊዜም ያሳሰባቸው ማዕበሉ ወይም ዋና አለመቻላቸው አልነበረም። የሪሉ ፍሬን ነው።

ሪል ማለት ዘንጉ ላይ የሚታሰረው የክር ማጠንጠኛ ነው። የሐዋሳ አጥማጅ መረቡን ጥሎ መረቡን ይስባል እንጂ ከማጠንጠኛ ጋር ጉዳይ የለውም። ሜሪላንድ ላይ ግን የሚፈለገው ስትራይፕድ ባስ ነው፤ ጎኑ ላይ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመሮች የተሰመሩበት፣ አገሬው ሮክፊሽ የሚለው፣ ሜሪላንድም የግዛቷ ዓሣ ብላ የሰየመችው ጉልበተኛ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኮነቲከት በኩል የተያዘው ባለ ክብረ ወሰን 81.88 ፓውንድ፣ ወደ 37 ኪሎ መዝኗል። ጋሼ ይህን ቁጥር ከየት እንደሰሙት እንጃ፤ መደብሩ ስንደርስ ግን ለዚያኛው ወንድም ተዘጋጅተው ነበር።

መደብሩ አናፖሊስ አካባቢ ነው። ጋሼ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ካዩ በኋላ ትልቁን ሪል አስወጡ። እጀታውን እያሽከረከሩ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

"ኩሽኔታው ስንት ነው?"

ብዙ ነው ተባሉ።

"ፍሬኑስ?"

"30 ፓውንድ ይይዛል።"

"ይኼ ነው መኪና!" አሉኝ በአማርኛ።

ሻጩ ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። "በምንድን ነው የምታጠምዱት?" ብሎ ጠየቀ። በሕይወት ባለች ትንሽ ዓሣ መሆኑን ስንነግረው ሪሉን ከጋሼ እጅ በትሕትና ተቀብሎ ወደ ቦታው መለሰው። ክራችሁ 30 ፓውንድ የሚችል ከሆነ፣ አለ፣ ፍሬኑ የሚጠብቀው የዚያን ሩብ፣ ቢበዛ ሢሶውን ነው። ከዚያ ካለፈ ባሱ ሲፈተለክ ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ የዓሣው አፍ ይቀደዳል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ለካርቶኑ ጌጥ ነው። የኩሽኔታ ብዛትም አያኩራራም፤ ጨው ከገባ ሁሉም ተያይዘው ይዝጋሉ። ይልቅ ኩሽኔታው ከማይዝግ ብረት መሠራቱን፣ አካሉም ውኃ እንዳያስገባ በጎማ መታሸጉን ጠይቁ። ከባሕር ስትመለሱም በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት።

ቀጥሎ መካከለኛ ሪል አወጣ። ከኋላው አውራ ጣት የምታህል ማንሻ አለችው። ሺማኖ ቤይትራነር፣ ፔን ደግሞ ላይቭ ላይነር የሚሉት ዓይነት ነው። ማንሻዋ ስትከፈት ክሩ ከዋናው ፍሬን ይላቀቅና ጥቅሉ በትንሽ ጉልበት ይሽከረከራል። ማባበያዋ እንዳሻት ትዋኛለች፤ ባሱ መጥቶ ሲጎርሳትም የሚከብደው ነገር ስለሌለ ሳይጠራጠር ይዟት ይሄዳል። ያኔ እጀታውን ዞር ማድረግ ነው፤ ማንሻዋ ቀጭ ብላ ትመለሳለች፣ ዋናው ፍሬንም ይይዛል።

ጋሼ ማንሻዋን ከፈቱ። እጀታውን አዞሩ። ቀጭ! ደግመው ከፈቱ። ቀጭ! ፊታቸው በራ።

"አንተ! ይኼ እኮ ፍሪሲዮን ነው! ምነው ይህን ሁሉ ከሚያወራ አንድ ቃል ቢናገር?"

ዋጋው ላይ ትንሽ ለመከራከር ሞከሩ። ሻጩ ፈገግ ብሎ የተለጠፈውን ቁጥር በጣቱ አሳያቸውና ነገሩ በዚያ አለቀ።

ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ ተሻግረን ኬንት አይላንድ ላይ ጀልባ ከነካፒቴኗ ተከራየን። ካፒቴኗ መልሳ ወደዚያው ወደ ቤይ ብሪጅ ምሰሶዎች ወሰደችን፤ ባሱ የምሰሶዎቹን ጥላ ተጠግቶ ያደባል። ከ4 ማይል በላይ የሚረዝመው ይህ ድልድይ ከላይ ሲያዩት ስለሚያስፈራ፣ ከፍለው መኪናቸውን በሌላ ሰው የሚያስነዱ አሉ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "ስልኬን ስጫቸው" አሏት።

ማባበያዋ ስፖት ትባላለች፤ መዳፍ የምታህል፣ ከስንጥቧ ኋላ ጥቁር ነጥብ ያለባት። ካፒቴኗ ከጀርባ ክንፏ ፊት ለፊት መንጠቆውን አሳለፈችባት። መንጠቆው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ ነው፤ ለባስ በማባበያ የሚያጠምድ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዚህ እንዲጠቀም ይገደዳል። ሆድ ውስጥ ሳይሆን የአፍ ጥግ ላይ ስለሚይዝ የሚለቀቀው ዓሣ ይተርፋል። "ግን እንዳትነጥቁት" አለች፤ "ባሱ ሲወስድ ትንሽ ቆጥራችሁ ማጠንጠን ብቻ።"

ክሩ ትርርር ማለት ሲጀምር የጋሼ ቀኝ እግር የጀልባዋን ወለል በኃይል ረገጠ። የታክሲ ሹፌር ነገር! ዘንጉን ወደ ሰማይ ነጠቁት፤ መንጠቆው ባዶውን መጣ።

"ጋሼ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሽ አስገቡ" አልኳቸው።

ገባቸው። በሚቀጥለው ትርርር ግራ እግራቸው ወለሉ ላይ ወረደ። ክሩ ይሄዳል፣ ጋሼ ትንፋሻቸውን ይዘው ይቆጥራሉ። ከዚያ ግራ እግራቸውን ዳገት ላይ እንደቆመ ሰው ቀስ እያደረጉ ለቀቁ፣ እጀታውን አዞሩ፣ ቀጭ! ዘንጉ ጎበጠ።

ባሱ ወጥቶ መለኪያው ላይ ሲጋደም 26 ኢንች ሆነ። የዚያን ዓመት የቤዩ ደንብ ደግሞ ከ19 እስከ 24 ኢንች ያለውን፣ ያውም በቀን ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚፈቅደው።

"ሁለት ኢንች ምን አላት? ጅራቱን ሰብሰብ አድርጊው" አሉ ጋሼ። ደንቡ ራሱ ጅራቱ ተሰብስቦ ይለካ ስለሚል ካፒቴኗ ሰበሰበችው። ይባስ ረዘመ።

ዓሣውን ወደ ውኃው እያወረደች ነገረቻቸው። የአትላንቲክ ዳርቻ ባስ አብዛኛው የሚፈለፈለው በዚህ ቤይ ወንዞች ነው፤ ብዙ እንቁላል የሚጥሉት ደግሞ ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው። አልጠግብ ባይነት ዘሩን ሊያጠፋው ሲል ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ባስ ማጥመድን ጨርሶ ከልክላ ነበር። ጋሼ ዓሣው ጅራቱን መትቶ ሲጠልቅ አይተው "እናት ከሆነችማ ትሂድ" አሉ። የእኔው ደግሞ 17 ኢንች ሆኖ ተለቀቀ።

ማታ ድልድዩን ስንሻገር የሚያስከፍለን አጣን። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ብቻ ነው ለካ የሚከፈለው። ምክንያቱን ጋሼን ጠየቅኳቸው።

"ድልድዩን የሠሩት ሰዎች ዓሣ አጥማጅ ያውቃሉ" አሉኝ። "ከሚመለስ ሰው ምን ተገኝቶ ይቀበሉታል?"