አደራ የጫነች ሃያስ

ጅዳ ያለ ሐበሻ፣ ሰው ረጅም መንገድ ሊወጣ ነው ሲባል የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ማን ሞቶ ነው?» ወይም «ሥራ ተገኘ እንዴ?»። እኔና ሚስቴ «እንዲሁ ልንዞር ነው፤ መካ፣ ጣኢፍ፣ ሪያድ፣ ከዚያ ድልድዩን ተሻግረን ባሕሬን» ስንል ጎረቤቱ ሁሉ ዐይን ዐይናችንን ያየን ጀመር። የምናድረው መኪና ውስጥ መሆኑን ስንጨምርበት ደግሞ ነገሩ ለየለት። አንድ የወሎ ሽማግሌ እጄን ይዘው ጥግ ወሰዱኝና፣ «ልጄ፣ የቤት ኪራይ ከጠፋ ተናገር እንጂ፤ እናዋጣለን» አሉኝ።

ባልና ሚስት ሆኖ ድንበር መሻገር በዚህ አገር እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እ.ኤ.አ. በ615 ሰይዲና ዑስማን ከባለቤታቸው ከነቢዩ ልጅ ከሩቅያ ጋር ከመካ ወጥተው፣ ከጅዳ በስተደቡብ ካለችው ከሹዐይባ ጀልባ ተሳፍረው ወደ ነጃሺ አገር ተሻግረዋል። ኋላ ኸሊፋ ሆነው በ647 የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጅዳ ያዞሩትም እርሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጡና፣ «እነሱማ የሄዱት ተሳድደው ነው። እናንተን ማን አሳደዳችሁ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

መኪናዋ ቶዮታ ሃያስ ናት፤ አዲስ አበባ ወያላ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራባት ዓይነት። የከፊሌ፣ የአሠሪዬ፣ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ የሱቅ ዕቃ አመላልስባታለሁና ፈቃድ ስወጣ «ይዘሃት ሂድ» አለኝ። የኋላ ወንበሮቿን ነቅለን፣ ከሐራጅ ሰዋሪኽ ገበያ በገዛነው ጣውላ አልጋ መታንባት፤ ስፖንጅ ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ። ሚስቴ «ጀበናዋ የምትቀመጥበት ሳይዘጋጅ መኪናው ንቅንቅ አይልም» ብላ ከአልጋው ግርጌ ልክ በጀበናዋ ቁመት ሣጥን አሠራች። ወረቀቱ አላስቸገረንም። የመውጫና መመለሻ ቪዛው በመንግሥት የስልክ መተግበሪያው በአብሽር ነው የሚያልቀው፤ ለሁለት ወር በነፍስ ወከፍ 200 ሪያል። መኪናዋ በሰው ስም ስለሆነች ድንበር የምታልፍበት ውክልና፣ ተፍዊድ፣ ያስፈልጋል፤ እሱንም ከፊሌ ቡናውን ፉት እያለ በስልኩ ጨረሰው።

ያላሰብነው አደራውን ነው።

መጀመሪያ አንዷ መጣች፤ «ሪያድ እኅቴ አለች፤ ይቺን በርበሬ ብቻ»። ከዚያ ሽሮ ለደማም፣ ቋንጣ ለኹበር፣ ለአራስ የገንፎ ዱቄት፣ ድርቆሽ በጆንያ። አልጋችን ላይ ለመተኛት መጀመሪያ የሰው ዘመድ ስንቅ መውጣት ነበረበት። ሐበሻ ለሁለት ሰው ብሎ የሚያውቀው መንገድ የለም፤ መንገደኛ ማለት ገና ያልሞላ መኪና ነው። ሚስቴ ግን አንድ ሕግ አወጣች፤ «እኔ ያልፈታሁት ቋጠሮ አይገባም»። በሰው ዕቃ ምክንያት እስር ቤት የወደቀ ሐበሻ ታሪክ በጅዳ ያልሰማ የለምና የተቀየመ ቢኖርም የተከራከረ አልነበረም። በረንዳችን ላይ ተቀምጣ ፌስታል እየፈታች፣ በርበሬውን በማንኪያ እያማሰለች፣ ቋንጣውን አንድ በአንድ እየቆጠረች ስታስገባ ላያት፣ ድንበሩን ገና ከቤት ሳንወጣ የጀመርነው ይመስል ነበር። ከሁሉም የከበደው አንዲት እትዬ መናማ ላለች የእኅታቸው ልጅ የላኩት በሶ ነው፤ ገብሱን ራሳቸው ቆልተው ያስፈጩት፣ ሁለት እጅ ሙሉ የማያነሣው።

የዱዓው አደራ ደግሞ ለብቻው ደብተር ወጣለት። «አደራ ዱዓ አድርግልኝ» ያለን ሰው ካዕባ ደርሶ መርሳት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሚስቴ ጻፈችው። ልጅ የሚለምን አለ፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ እንዲታደስ የሚለምን አለ፤ ከፊሉ ልብ እንዲገዛ የሚለምን አለ። አንዱ ዲቪ እንዲደርሰው አስመዘገበ። «ዲቪ እኮ ዕጣ ነው፤ ዕጣ በመስጊድ ይለመናል?» ብትለው፣ «አንቺ ጻፊው፣ እሱ ያውቃል» አላት። የጎንደሩ ጎረቤታችን ክርስቲያን ስለሆነ ወደ መካ አይዘልቅም፤ መንገዱ ላይ ያለው ምልክት ሙስሊም ያልሆነውን በሌላ አቅጣጫ ይመልሰዋል። እሱም በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔንም ጣፊኝ፤ እዚያ ያለው አምላክ ስሜን አይጠፋውም» አለ። ከዲቪው ቀጥሎ ገባ።

ከጅዳ መካ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጅዳ ነዋሪ ኢህራሙን ከቤቱ አስሮ ይወጣልና፣ ሁለት ነጭ ጨርቅ ለብሼ፣ በላዩ ቀበቶ አስሬ ሃያስ መንዳት ጀመርኩ። ኢህራም ላይ ያለ ሰው ሽቶ አይቀባም፣ ጥፍር አይቆርጥም፤ ጭቅጭቅም እንዲርቅ ነው የሚነገረው። ትዳርን ከነጭቅጭቁ ለለመደ ሰው የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። በአትሮንስ ላይ እንደ ተዘረጋ ቁርኣን ሆኖ መንገዱን ከላይ የሚሻገረውን፣ ድያእ አዚዝ ድያእ የነደፈውን ትልቁን በር ካለፍን በኋላ ስልኩ ቀኝ አለ፣ ሚስቴ ግራ አለች፣ እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ሌላ ቀን ቢሆን የእናቴ ስም ይነሣ ነበር። እሷ ግን ወደ መስኮቱ ዞር ብላ «ለበይክ»ን አንድ እርከን ከፍ አድርጋ አለችው። ሁለተኛ ስንስት ሌላ እርከን ጨመረች። ኩዳይ ማቆሚያ ስንደርስ ድምፅዋ ሰልሎ ነበር።

ኩዳይ መኪናችንን ትተን በአውቶቡስ ገባን። ካዕባን ስለ መዞሩ፣ ስለ ጠዋፉ፣ ብዙ አልልም፤ እዚያ ሰው ቀልዱን ጫማው ጋ አውልቆ ነው የሚገባው። ሚስቴ ግን ደብተሯን በአንድ እጅ፣ የጨርቄን ጫፍ በሌላ እጅ ይዛ፣ ከኢንዶኔዥያ ጓድና ከናይጄሪያ ጓድ መሀል እየተገፋች ስም ስትጠራ ሰምቻታለሁ። ሶፋና መርዋን ሰባት ጊዜ ስንመላለስ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር አልፎ የሚሄደውን ያን መንገድ፣ የቀሩትን ገጾች ጨረሰች። ዲቪው መርዋ ላይ ደረሰው።

ከዚያ ፀጉር ቤት ገባሁ። ሚስቴ እንደ ሴቶቹ ሥርዓት የፀጉሯን ጫፍ ቆርጣ ጨርሳ ውጭ ትጠብቀኛለች። ባንግላዴሹ ምላጩን አንሥቶ፣ ራሴን አሽቶ፣ «ሙባረክ» ብሎ አሰናበተኝ። በሩን ሳልፍ ሚስቴ መላጣዬን አየችና፣ «አለቀ?» አለችኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ» አልኳት። «በል እንግዲህ፣ ወደ ቀኝና ግራው እንመለስ» አለች። እስከ ጣኢፍ ድረስ በቃን።

የሀዳን ዳገት ስንወጣ ሞተሩ ተኮሰ፤ ቆመን እስኪበርድለት ዝንጀሮዎቹ ከበቡን። እነዚህ ከአዋሽ ዝንጀሮዎች ጋር አንድ ዘር ናቸው፤ ከእኛ ቀድመው ባሕሩን ተሻግረው፣ ያለ ከፊልና ያለ ኢቃማ የሚኖሩ። አንደኛው በመስኮት ገብቶ የድርቆሹን ጆንያ ይዞ ወጣ። ሚስቴ ወርዳ በአማርኛ ሰደበችው። ጆንያውን ግን አልጣለም።

ከጣኢፍ ሪያድ ሜዳ ነው፤ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አሸዋ። ለሴት መንጃ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተፈቀደ ወዲህ ሚስቴ ከእኔ የተሻለ ትነዳለች፤ እኔ ረዳት ሆንኩ። ማታ ማደያ ዳር አቁመን መጋረጃውን ዘግተን ተኛን። ሃያስ የቆመበት ሁሉ ተሳፋሪ አለውና ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ፤ «ሪያድ? ስንት?»። ዝም አልን። ሌላው መጣ፤ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አስቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። ሦስተኛው ሲያንኳኳ ሚስቴ ከብርድ ልብሱ ሳትወጣ «ሞልቷል!» ብላ ጮኸች። አማርኛ ይስሙ አይስሙ እንጃ፣ ሁሉም ሄዱ።

የመንገዱን አደራ አድርሰን ድልድዩ ጋ ደረስን። የንጉሥ ፋህድ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተ፣ ባሕሩ ላይ 25 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ መንገድ ነው። ፓስፖርት የሚያየው ጀዋዛትና ጉምሩኩ ያሉት መሀል ላይ፣ ለዚሁ ተብላ በተሠራች ደሴት ነው። የሐሙስ ማታ ሰልፍ ደረሰን። ተራችን ሲደርስ ወጣቱ ፈታሽ የኋላውን በር ከፍቶ አልጋ፣ ጀበና፣ መጋረጃ፣ ከሥሩ ገና ያልተራገፈ የፌስታል መዓት አየ። የራሳችንን በርበሬ አሸተተና ሦስቴ አነጠሰ። ከዚያ የእትዬን በሶ ጎተተ። «ሰዲቅ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ዱቄት ነው ቢባል የትኛው ፈታሽ ያምናል? ሚስቴ ምንም ሳትናገር ወርዳ ብርጭቆ አወጣች፤ ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ውሃ፣ ትንሽ ስኳር፣ በጥብጣ ፊቱ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ፈታሹ አለቃውን ጠራ። አለቃው ሽበታም ናቸው፤ በጣታቸው ቀመሱት፣ ደግመው ቀመሱት፣ ፊታቸው በራ። «ሰዊቅ!» አሉ። ከበድር ጦርነት ቀጥሎ የመካው መሪ አቡ ሱፍያን ከመዲና ዳር ሲሸሽ ሰዎቹ ጭነት ለማቅለል መንገድ ላይ የጣሉት፣ ዘመቻው ሳይቀር የተሰየመበት የተቆላ እህል ዱቄት ይኸው ነው፤ አለቃው ታሪኩን ትምህርት ቤት ሲማሩት ኖረው በዐይናቸው ያዩት ግን አሁን ነው። «ለእኔም በጥብጪ» አሉ። ወጣቱ ፈታሽ ቀጠለ፤ ከቀጣዩ መስኮት ሁለት መጡ፤ ማኅተም የሚመታውም ተነሣ። ከኋላችን ጡሩምባ ይጮሃል፣ ሚስቴ ትበጠብጣለች።

መናማ ስንደርስ የእኅት ልጅዋ ፌስታሉን በእጇ መዘነችና ስልክ መታች። እትዬ ከጅዳ ድምፅ ማጉያው ላይ ሆነው፣ «ግማሹ የት ገባ?» አሉ። ሚስቴ፣ «ጉምሩኮቹ ናቸው የጠጡት፣ እትዬ፤ ወላሂ» አለች። እኔ የመጣውን ለመቀበል ትከሻዬን አጠበብኩ።

«በምን አቀረብሽላቸው?» አሉ እትዬ።

«በውሃና በስኳር።»

«በስኳር? ለእንግዳ በሶ በስኳር? ምን ይሉናል?» ለቅሶ ሊጀምሩ ምንም አልቀራቸውም። «በሉ ስትመለሱ ማር ገዝታችሁ በዚያው እለፉ። ስሜን ነው ያጠፋችሁት።»