በካሳራኒ ለአንድ ልጅ ፈርሞ የሦስት ልጆች አባት ስለመሆን

የዚህ ጥናት መስክ ካሳራኒ ነው፤ ከናይሮቢ መሀል ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቲካ መንገድ በኩል። ብዙ ሰው ሰፈሩን የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ለአራተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በተከፈተው ስታዲየም ነው። እኔ የማውቀው ወደ ሙዊኪ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ ፎቅ ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ልጄ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ይኖራል። የጥናቱ ዘዴ ተሳታፊ ምልከታ ይባላል፤ ፈርሜ ተገኘሁ ማለት ነው። ናሙናው አንድ ሰው ሲሆን እሱም እኔ ነኝ። ናሙናው አነሰ የሚል ተቺ ካለ መጥቶ ይፈርም፤ ቦታ አለ።

ልጄ ከምንኖርበት ከኢስሊ እስከ ዩኒቨርሲቲው መመላለሱ ጊዜውን በላው። የቲካ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 በስምንት መስመር ተሠርቶ ተመርቋል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ስምንቱም መስመር እኩል ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተገኘ፤ ኪራዩ በወር 24,000 ሽልንግ፣ ለሦስት ሲካፈል 8,000። ያለ ቀሪ መካፈሉን እንደ መልካም ምልክት ቆጠርኩት። ሦስት ሰው ለሁለት መኝታ ሲካፈል ግን ቀሪ እንዳለው የተረዳሁት ኋላ ነው። ቀሪው ሳሎን የሚተኛው የእኔ ልጅ ነው።

በካሳራኒ ልማድ ተከራይ የአንድ ወር ኪራይና የዚያኑ ያህል ዲፖዚት ከፍሎ ይገባል እንጂ ዋስ ጥራ ሲባል ብዙም አይሰማም። የዚህ ቤት አከራይ ግን በተማሪ የተቃጠሉ ይመስለኛል፤ የወላጅ ፊርማ ካልመጣ ቁልፍ የለም አሉ። ፈረምኩ። በጥቁር እስክሪብቶ ስለፈረምኩ የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ኬርቴከሩ፣ ወረቀቱን መለሰው፤ ጥቁር ፎቶ ኮፒ ይመስላል አለ። ተመልሼ በሰማያዊ ፈረምኩ። አንድ ሰው ራሱን ለማሰር ሁለት ጊዜ ታክሲ ሲሳፈር ይህ የመጀመሪያው ይሁን አይሁን ማጣራት አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ስዋሂሊ እንደ እኔ የፈረመውን ሰው ምዳሚኒ ይለዋል። ቃሉ ለዋስም ለስፖንሰርም ያገለግላል፤ ስታዲየሙ ውስጥ ኳስ ሲኖር የምዳሚኒው ስም በተጫዋቾቹ ደረት ላይ ይጻፋል። የእኔ ስም በማንም ደረት ላይ የለም። አማርኛ ይበልጥ ሐቀኛ ነው፤ ተያዥ ይላል። አባቴ ለእህቱ ልጅ የመጋዘን ሥራ ተያዥ ሲሆን ልጅ ነበርኩ፤ ቃሉን ስሰማ ፖሊስ የሚመጣ መስሎኝ አልቅሻለሁ። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ተቆጠረብኝ እንጂ የሰዋስው ትንታኔዬ ትክክል ነበር።

የውሉ ልብ አራተኛው አንቀጽ ነው። ሦስቱ ተከራዮች በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ናቸው ይላል፤ ዋሱም እንደዚሁ። እኔ ሳነብበው የተረዳሁት ልጄ 8,000ውን ቢያጣ እኔ እሞላለሁ የሚል ነበር። ሕጉ የተረዳው ሌላ ነው። አንዱ ቢጠፋ የቀሩት ሁለቱ ሙሉውን 24,000 ይከፍላሉ፤ ሦስቱም ቢጠፉ እኔ አለሁ። በሰማያዊ ቀለም ሁለት ያላሳደግኳቸው ወንዶች ልጆች ወልጃለሁ፤ አንዱ የኪሱሙ፣ አንዱ የሜሩ። እናታቸው ማን እንደሆነች ባለቤቴ እስካሁን አልጠየቀችኝም።

ነገሩ ለሀበሻ አዲስ አይደለም። በድሮው የአገራችን ሥርዓት ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ነገሩ እስኪያልቅ አንዳንዴ በልብሳቸው ጫፍ፣ አንዳንዴ በሰንሰለት ተቋጥረው አብረው ይውሉ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሌላውም ይወጣል። ከቁራኝነት የሚያላቅቀው ዋስ ነበር፤ ዋስ የጠራ ይፈታል። ካሳራኒ ይህን ሥርዓት አሻሽላዋለች፤ ሦስቱ ልጆች በአንድ መጸዳጃ ቤት ቁራኛ ሆነው ይኖራሉ፣ ዋሱም ተጨማሪ ሆኖ ይታሰራል። ቃሉ ዛሬ በአማርኛ በአብዛኛው የአልጋ ቁራኛ በሚለው ውስጥ መትረፉ ለዚህ ጥናት አይጠቅምም፤ ሳሎን የሚተኛው ልጄ አልጋም የለውም።

ሕጎቹን አመሳክሬአለሁ። የኬንያ የውል ሕግ፣ ምዕራፍ 23፣ የሌላውን ሰው ዕዳ እከፍላለሁ የሚል ቃል በጽሑፍ ካልሆነ ክስ አይቀርብበትም ይላል፤ ጥንቃቄው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1677 ካወጡት ሕግ የተወረሰ ነው። የእኔ በጽሑፍ ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ግን ይራራል፤ ዋሱ እስከ ስንት እንደሚዋስ ጣሪያው ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው። የእኔ ውል ጣሪያ የለውም። አዲስ አበባ ብፈርመው ኖሮ ዛሬ ነፃ ሰው ነበርኩ። (የኬንያ የኪራይ መቆጣጠሪያ ሕግም አለ፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ወርኃዊ ኪራዩ ከ2,500 ሽልንግ ያልበለጠውን ቤት ነው። የእኛዎቹ ልጆች 2,500 ሽልንግ በውኃ ጀሪካንና በመብራት ቶከን ብቻ ይጨርሳሉ።) መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ደግሞ ዋስ የሆነ ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው እንደ ሚዳቋ ፈጥኖ እንዲያመልጥ ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው፤ በሙዊኪ መንገድ ላይ ግን ሚዳቋም ቢሆን ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ እስኪያልፍ መቆም አለበት።

ሦስት ወር ጸጥታ ነበር። በአራተኛው ወር በአምስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ተደወለ። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓትን ከንጋት ስለሚቆጥር ከኬርቴከሩ ጋር በሰዓቱ ተግባብተናል፤ በሌላው አልተግባባንም። «ምዜ» አለኝ። ሽማግሌ ለማለት ነው። በእንቅልፍ ልቤ ሚዜ የሚል መሰለኝ፤ ሳስበው ደግሞ አልተሳሳትኩም። በሌላ ሰው ሠርግ ቆሞ ኪሱን የሚዳብስ ሌላ ማን አለ?

የኪሱሙው ልጅ ድርሻ አልገባም። የትምህርት ብድር እየጠበቀ ነው፤ ያንን ብድር ለማግኘትም ዋስ አቅርቧል። ስለዚህ የእኔ ዋስትና በሌላ ዋስትና ትከሻ ላይ እንደተቀመጠ ደረስኩበት። አከራይዋ በሕግ መሄድ ከፈለጉ ፈቃድ ባለው ሐራጅ ሻጭ በኩል የቤቱን ዕቃ ማስያዝ ይችላሉ። ዕቃውን በዓይኔ ቆጥሬአለሁ፤ ሦስት ፍራሽ፣ ባለ 6 ኪሎ ጋዝ፣ እጀታ የሌለው መጥበሻና ጎረቤት የሚያስለቅስ ስፒከር። ከዚህ ሁሉ ለሐራጅ የሚሻለው እኔ ነኝ።

ከፈልኩ። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤምፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ የኬንያ አባት «ባንክ ተዘግቷል» የሚለውን ጥንታዊ መከላከያ አጥቷል።

ወደ ልጄ ደወልኩ።

«የሁለቱ ልጆች አባቶችስ?»

«እነሱም ፈርመዋል አባዬ።»

«ለየልጃቸው?»

«አይ፣ እንደ አንተው ወረቀት።»

ይህ ግኝት የጥናቱን አቅጣጫ ቀይሮታል። ሦስት አባቶች እያንዳንዳቸው ለሦስት ልጆች ዋስ ሆነዋል፤ በወረቀት ሲቆጠር በዚያ ቤት ዘጠኝ ልጆች ይኖራሉ። ኪራዩ ግን አሁንም ይጎድላል። ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩ። የሜሩው አባት ብቻውን የፈረመ መስሎት ሁለት ጊዜ የእኔን ልጅ ድርሻ እንደከፈለ በትሕትና ነገረኝ። የእኔ ልጅ ድርሻ በየወሩ ከእኔ ኪስ ይወጣ ነበር። የት እንደገባ ለማወቅ የተደረገው ምርምር ከስፒከሩ በላይ አልዘለቀም።

ከሁለቱ ሰዎች ጋር ያለኝን ዝምድና ለመመደብ ተቸግሬአለሁ። አማች እንዳልል ጋብቻ የለም። ሚዜ የሚለው ደግሞ ለኬርቴከሩ ተይዟል። የቀረበው አበልጅ ነው፤ ጥምቀት የሌለበት፣ ማተብ የሌለበት፣ በወሩ በአምስተኛው ቀን ብቻ የሚከበር አበልጅነት። የኪሱሙው አባት አሳ እልክልሃለሁ ብሏል። የሜሩው አባት ልጆቻችንን በተራ እንቆጣ የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ በዚህ ወር የቁጣው ተራ የእኔ ነው፤ ለሦስቱም፣ በእንግሊዝኛ።

ቅዳሜ ለመቆጣት ሄድኩ። ውኃ የሚመጣበት ቀን ስላልነበረ ሦስቱም ጀሪካን ይዘው ደረጃ ይወጣሉ። የኪሱሙው ልጅ ሲያየኝ ጀሪካኑን አስቀምጦ ጎንበስ አለና ሰላም አለኝ፤ የሜሩው ወንበር ፈለገልኝ፤ ወንበር ስለሌለ የልጄን ፍራሽ አጠፈልኝ። ሻይ አፈሉ። ቁጣዬን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከሻዩ በኋላ ግሱ ጠፋኝ።

ልወጣ ስል ልጄ እስከ በሩ ሸኘኝ።

«አባዬ፣ አንድ ጓደኛችን ሊገባ ነው። ለአራት ሲካፈል 6,000 ይሆናል፤ ይቀንስልናል። ኬርቴከሩ አዲስ ወረቀት አዘጋጅቷል።»

ሰማያዊዋን እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁ።