የቴሌቪዥን ኢንሹራንስ

ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ኢንሹራንስ የሚገባላቸው በእሳትና መብረቅ ውል ነው፤ ሌባ ከተፈራ የስርቆት ውል ይጨመራል። አዴት ከተማ ላይ ግን ቴሌቪዥን የሚገድለው እሳትም ሌባም ሳይሆን ሄዶ የሚመለሰው መብራት ነው። መሄዱን ሰው ለምዶታል፤ የሚፈራው መምጣቱ ነው። 220 ቮልት መሆን የሚገባው መስመር የቀረበትን ሁሉ ሊያካክስ የፈለገ ይመስል አንዳንዴ ጨምሮ ይመጣና፣ ሪሲቨሩ ትንሽ ጢስ አውጥቶ ዝም ይላል።

የእሳት ውሉ ደግሞ ለዚህ ጊዜ የሚመዘዝ አንቀጽ አለው። በተለመደው ቅጽ፣ በኃይል መብዛት ወይም በኮንታክት የተቃጠለው መሣሪያ ራሱ አይካስም፤ ከእሱ የተነሣው እሳት መጋረጃውን፣ ሶፋውንና ኮርኒሱን ከበላ ግን እነሱ ይካሳሉ። ቴሌቪዥኑ ብቻውን ከሞተ ሞቱ አይቆጠርም ማለት ነው። ይህን ጉዳት የሚሸፍን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መድን የሚባል ውል አለ፤ ነገር ግን የባንክ ኮምፒዩተርንና የሆስፒታል ማሽንን አስቦ የተሰናዳ ስለሆነ ለአንድ ሪሲቨር ብሎ የሚጠይቀው ብዙም የለም።

ካሳው ቢፈቀድም ሒሳብ ይቀራል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ካሳ አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስድስት ዓመት ያገለገለ ቴሌቪዥን የሚካሰው እንደ አሮጌ ነው፤ ባለቤቱ ግን የሚያስበው ዛሬ ባሕር ዳር ሱቅ የሚጠራለትን ዋጋ ነው። አረቦን ለመቀነስ ብሎ 100 ሺህ ብር የሚያወጣውን ዕቃ በ50 ሺህ ያስመዘገበ ሰው፣ የ20 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስበት የሚያገኘው 10 ሺህ ነው። የቀረውን ግማሽ ራሱ እንደ መድን ሰጪ ይዞት ነበርና።

ደረሰኝም ይጠየቃል። ዕቃውን እህት ከጅዳ ልካው ከሆነ ያለው ማስረጃ የእህት ቃል ብቻ ነው።

የተጎዳው ዕቃ የኢንሹራንሱ ገማች እስኪያየው ሳይነካ መቆየት አለበት። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ገማቹ ከባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ከፍቶት፣ ደህናውን ክፍል ነቅሎ ለሌላ ደንበኛ ገጥሞታል።